እናትሽ ሐሞት ቱቦ ውስጥ የተገኘው ትል ከጥሬ ሥጋ አልመጣም

ጥያቄው፦ «ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፣ የምትኖረው ጣና ዳር ገጠር ነው። ከዓመት በላይ ቀኝ ጎኗን እያመማት ጨጓራ ነው እየተባለች ኦሜፕራዞል ስትውጥ ከረመች። ባለፈው ወር ዓይኗ ቢጫ ሆነ። አዲስ አበባ አምጥተን አልትራሳውንድ ስትነሳ የሐሞት ቱቦዋ ሰፍቷል ተባለ። ጠጠር መስሏቸው በካሜራ ሲገቡ ጠፍጣፋ ትል አወጡ። የከብት የጉበት ትል ነው አሉን። ጥሬ ሥጋ ስለምንበላ ነው? መድኃኒቱ ትሪክላቤንዳዞል ይባላል፣ ፋርማሲ ዞረን አጣን። የከብት መድኃኒት መሸጫ ግን በዚያው ስም አለ። እሱን ብንሰጣትስ? ኢንተርኔት ላይ ካንሰር ያመጣል የሚል አይቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እኛስ እንመርመር? ክብደቷ 54 ኪሎ ነው።»

እህቴ፣ እንኳን እናትሽ ተረፉልሽ። ያወጡላቸውም ሐኪሞች እጃቸው ይባረክ። ሁሉንም እመልሳለሁ፤ የከብት መድኃኒቱ ግን ለነገ የሚባል ስላልሆነ እሱን ላስቀድም። አትስጧቸው። ስሙ አንድ ቢሆንም አትስጧቸው። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግርሻለሁ።

ይህን ትል መጀመሪያ ያየሁት ገና ስፔሻላይዝ ሳደርግ ነው። አንዲት እናት የሐሞት ጠጠር አለባቸው ተብለው ቀዶ ጥገና ገቡ። ቱቦው ሲከፈት ጠጠር የለም። ቀዶ ሐኪሙ በመቆንጠጫ የሆነ ነገር ሳብ አድርጎ የቁስል ጨርቅ ላይ አስቀመጠው። ከዱባ ፍሬ ትንሽ ረዘም የሚል፣ ቡናማ፣ እንደ ቅጠል የሳሳ ነገር ነው። አንዱ «የሞተ ሥጋ ነው» ከማለቱ ጠርዙ ተሸበሸበ። ክፍሉ ፀጥ አለ። ከዚያ አንዲት ነርስ፣ የገበሬ ልጅ ናት፣ «ይሄማ በግ ጉበት ውስጥ የምናየው ነው» አለች። እኛ መጽሐፍ ልናገላብጥ ስንሯሯጥ እሷ ቀድማን ጨርሳለች።

ልክ ነበረች። ትሉ ፋሲዮላ ይባላል። አገራችን ውስጥ ሁለቱም ዓይነት አሉ። ፋሲዮላ ሄፓቲካ የደጋው ነው፤ ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ፋሲዮላ ጃይጋንቲካ የቆላው ነው፤ እሱ 7 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። መሀል ላይ ሁለቱም ይገኛሉ። ዋና ቤታቸው የበግና የከብት ጉበት ነው። ድሮ ሰው ላይ እምብዛም የማይገኝ በሽታ ነው ይባል ነበር። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ከ70 በላይ አገሮች ውስጥ ቢያንስ 2.4 ሚሊዮን ሰው ይዟል ብሎ ይገምታል። በቦሊቪያ ደጋማ አገር፣ በግብፅ የአባይ ደለል ምድር፣ በኢራን የካስፒያን ባሕር ዳርቻ የታወቀ በሽታ ነው። የእናትሽም ሰፈር ከዚህ አይርቅም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ አንድ ጥናት በጣና ተፋሰስ ከተመረመሩ ተማሪዎች ከመቶ ሦስት የሚሆኑት ሰገራቸው ውስጥ የዚሁ ትል ዕንቁላል ተገኝቷል። ሦስት ትንሽ ይመስላል። ግን አንድ ክፍል ውስጥ ስድሳ ተማሪ በሚቀመጥበት አገር በየክፍሉ ሁለት ልጅ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥጋው ልምጣ። ጥያቄሽ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው፤ አንዳንድ ባለሙያም እንደዚያ ሲመልስ ሰምቼ አውቃለሁ። ቁርጥ ሲበላ የሚመጣው ኮሶ ነው። ኮሶ ረጅሙ፣ አንጀት ውስጥ የሚኖረው፣ እየተቆራረጠ የሚወጣው ነው። የጉበት ትል መንገዱ ሌላ ነው።

መንገዱ ከእበት ይጀምራል። የታመመች ላም ውሃ ዳር እበቷን ትጥላለች። እበቱ ውስጥ ያለው ዕንቁላል ውሃ ውስጥ ሰንብቶ ይፈለፈላል። የወጣችው እጭ አንዲት ትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ማግኘት አለባት፤ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ ካላገኘች አለቀላት። ካገኘች እዚያው ትራባለች፤ ከሳምንታት በኋላ ጭራ ያላቸው ብዙ ሆነው ይወጣሉ። እየዋኙ ሄደው ውሃ ዳር ያለ ሣር ወይም ቅጠል ላይ ይለጠፋሉ፤ ጭራቸውን ጥለው ጠንካራ ሽፋን ይለብሳሉ። ከአሸዋ ቅንጣት ስለሚያንሱ ዓይን አይለያቸውም። እርጥበት ካላጡ ለወራት ይቆያሉ። ያንን ቅጠል በግ ከበላው በጉ ይያዛል፤ ሰው ከበላው ሰውየው ይያዛል። አንዳንዱ ቅጠል እንኳ ሳያገኝ ውሃው ላይ ስለሚንሳፈፍ ውሃውን በመጠጣትም ይመጣል።

ስለዚህ እናትሽን የምጠይቃቸው ሌላ ነገር ነው። ውሃ የሚቀዱት ከየት ነው? ከብቱ የሚጠጣበትና እሳቸው የሚቀዱበት አንድ ነው? ከመስኖ ዳር የተቀጠፈ ሰላጣ ይበላሉ? ከብት ሲያግዱ ጎንበስ ብለው ከጅረት ይጠጡ ነበር? የሣር አገዳ ያኝኩ ነበር? ይሄ የመጨረሻው ሰውን ያስቃል። ግን እስኪ በዓል ሲሆን ቤት የሚጎዘጎዘውን ቄጤማ አስቢው፤ ነጩን፣ ለስላሳውን ሥሩን መዝዞ ያላኘከ ልጅ ማነው? እኔ አኝኬያለሁ። ቄጤማ የሚታጨደው ደግሞ ከረግረግ ነው፤ ከብቱም ቀንድ አውጣውም የሚውሉበት ቦታ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ፍርደ ገምድል እንዳልሆን። ጥሬ ጉበት ውስጥ ገና በጉዞ ላይ ያለ ለጋ ትል ካለ በዚያ በኩል ሰው ሊያዝ ይችላል የሚል ግምት አለ። እኔ የእናትሽን በሽታ በዚህ አላመካኝም። ጥሬ ጉበት መተው ግን ጉዳት የለውም።

ትሉ በአፍ ከገባ በኋላ የሚያደርገውን ካወቅሽ የዓመቱ ስቃይ ይገባሻል። ከአንጀት ግድግዳ በስቶ ይወጣል። ጉበትን ከውጭ በኩል ይበሳዋል። የጉበቱን ሥጋ እየበላ ለሳምንታት ይዞራል። በዚህ ጊዜ ትኩሳት አለ፣ ቀኝ ጎን ያማል፣ ምግብ ይዘጋል፣ አንዳንዱን ያሳክከዋል። ጤና ጣቢያ ሲኬድ ታይፎይድ ይባላል። አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ ሲበርድ «መድኃኒቱ ሠራ» ይባላል። ትሉ ግን አልሞተም፤ ሐሞት ቱቦ ውስጥ ገብቶ ተደላድሎ ተቀምጧል። ዕንቁላል መጣል እስኪጀምር ከተዋጠ 3 ወይም 4 ወር ይፈጅበታል፤ ከዚያ ወዲያ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። ቱቦው ይቆጣል፣ ይወፍራል። አልፎ አልፎ ሲዘጋ፣ በተለይ ከበላ በኋላ፣ ሰውየውን አጣድፎ ያመዋል። ይሄኔ ነው ጨጓራ የሚባለው። ጨርሶ ሲዘጋ ደግሞ እናንተ ያያችሁት የወፍ በሽታ ይመጣል፤ ዓይን ቢጫ፣ ሽንት ኮካ ኮላ የመሰለ፣ ሰገራ የነጣ።

ለጨጓራ ተብሎ አንድ ዓመት መጉላላታቸው ያሳዝናል። ሐኪሞቹን ግን ሙሉ በሙሉ አልወቅስም። ይህ በሽታ ካልታሰበ አይገኝም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሰገራ ምርመራ ባዶ ነው፤ ዕንቁላል ገና የለምና። በኋላም ዕንቁላሉ የሚወጣው በትንሹና አንዳንድ ቀን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ሰገራ ታይቶ «ነፃ» መባል ምንም ማለት አይደለም። ፍንጩ ሌላ ቦታ ነው፤ ሲቢሲ በሚባለው የደም ሴሎች ቆጠራ ወረቀት ላይ። ኢኦሲኖፊል የሚባለው የነጭ ደም ሴል ከፍ ብሎ ከታየ፣ ከቀኝ ጎን ሕመም ጋር፣ ከገጠር ከመጣ ሰው ላይ፣ የጉበት ትል ማሰብ ግድ ነው። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ማንም ሳያየው ያልፋል።

ስለ ሰገራ ምርመራ ካነሳሁ አይቀር የዱለትን ነገር ላንሳ፤ የእኛ አገር ጉድ ነው። ትል ያለበትን ጉበት በዱለት የበላ ሰው፣ ትሉ ባይዘውም፣ የዋጠው ዕንቁላል እንዳለ በሰገራው ይወጣል። ላብራቶሪው ዕንቁላሉን አይቶ «ፋሲዮላ አለ» ይላል። ሰውየው ጤነኛ ነው። ስለዚህ ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ለአንድ ሳምንት ከማንኛውም ጉበት አስከልክለን ደግመን እናያለን። ዕንቁላሉ ከጠፋ የበሉት ዱለት ነበር ማለት ነው። የእናትሽ ጉዳይ እንዲህ ዓይነት ጥርጣሬ የለበትም፤ ትሉ ራሱ ተይዟል።

ወደ ሕክምናው። በካሜራ የወጣው፣ ኢአርሲፒ በሚባለው ሥራ፣ የተዘጋውን ቱቦ ከፈተላቸው። ቢጫው የሚለቀው በዚህ ነው። ግን ይህ ሕክምናውን አልጨረሰም። አንድ ትል ሲያዝ ሌሎች በጉበቱ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ካሜራ እዚያ አይደርስም። መድኃኒቱ የግድ ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ትሪክላቤንዳዞል። ሌላ የትል መድኃኒት ሁሉ የሚሠራ ይመስለናል፤ እዚህ ላይ አይሠራም። ለወስፋት የምንሰጠው አልቤንዳዞልና ሜቤንዳዞል ሰው ላይ ለዚህ ትል አይበቁም። ለቢልሃርዚያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ሌሎቹን ጠፍጣፋ ትሎች ይገድላል፤ ይህን አንዱን ግን አይነካውም። ብዙ ሰው ፕራዚኳንቴል ውጦ «ታክሜያለሁ» ብሎ ይቀመጣል። ኮሶ፣ እንቆቆ፣ መተሬ ደግሞ ለአንጀት ትል ነው የሚጠጡት፤ ሐሞት ቱቦ ውስጥ ላለው አይደርሱም። ኮሶ በተለይ በደከመ ሰው ላይ አደገኛ ነው። ሰሞኑን ማንም ዘመድ «ትል ከሆነማ» ብሎ እንዳያጠጣቸው ጠብቂ።

መጠኑ በክብደት ነው። በኪሎ 10 ሚሊ ግራም፣ ከምግብ ጋር። በባዶ ሆድ ከተዋጠ ሰውነት በደንብ አይወስደውም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጊዜ ይበቃል ይላል፤ ካልሠራ ሁለት ጊዜ ይሰጣል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2019 ሲያጸድቀው ደግሞ ከመጀመሪያው በ12 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ እንዲሰጥ ብሏል። እናትሽ 54 ኪሎ ስለሆኑ ለአንድ ጊዜ 540 ሚሊ ግራም ይደርሳቸዋል። እንክብሉ ባለ 250 ሲሆን ለሁለት ይከፈላል፤ ልኩ ካልመጣ ወደ ላይ ይጠጋጋል። ስለዚህ ሁለት ተኩል እንክብል መሆኑ ነው። ይህን የምጽፍልሽ ሐኪሙ ሲያዝ እንዲገባሽ ነው እንጂ ራስሽ እንድትሰጪ አይደለም። የልብ ምት ችግር ካለባቸው፣ ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪው።

አሁን የከብት መድኃኒቱ። ስሙ አንድ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ትሪክላቤንዳዞል መጀመሪያ የተሠራው ለከብት ነው፤ ሰው የወረሰው ከእነሱ ነው። ታዲያ ምኑ ይጎዳል ትያለሽ። አንደኛ፣ ከከብቱ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ብቻቸውን አይደሉም፤ ሌቫሚሶል ወይም ሌላ ነገር ተቀላቅሎባቸዋል። ሁለተኛ፣ የሚለካው ለበሬ ነው። ብዙ መቶ ኪሎ ለሚመዝን እንስሳ የተሠራ እንክብል ወይም ፈሳሽ ላይ ለ54 ኪሎ ሰው ትክክለኛ ልክ መቁረጥ ቀላል አይደለም። ሦስተኛ፣ ማሟሟያው፣ ማቅለሚያው፣ ንጽሕናው ለሰው ተብሎ አልተፈተሸም። የተዘጋው ሐሞት ቱቧቸው ገና የተከፈተላቸው ሰው ናቸው። በእሳቸው ላይ አትሞክሩ።

ታዲያ ከየት ይምጣ? የሰው ትሪክላቤንዳዞል በየሰፈሩ ፋርማሲ የሚሸጥ መድኃኒት አይደለም፤ ዞራችሁ ማጣታችሁ አይገርምም። ኖቫርቲስ የሚባለው ኩባንያ በነፃ ለዓለም ጤና ድርጅት ይሰጠዋል፤ ድርጅቱ ደግሞ ለአገሮች ጤና ሚኒስቴር ያደርሳል። ስለዚህ ጥያቄው ከእናንተ ሳይሆን ከሐኪሙ መነሳት አለበት። ትሉን ያወጣው ሆስፒታል የምርመራውን ውጤት አያይዞ በደብዳቤ በጤና ቢሮ በኩል ይጠይቅ። ጥቂት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ቱቦው ተከፍቷልና ያን ያህል መጠበቅ ይቻላል፤ ትሉ ለዓመት ኖሯል። መጠበቅ የማይቻለው አንድ ነገር ሲመጣ ነው፦ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት፣ የቀኝ ጎን ሕመምና ቢጫነት አብረው ከመጡ። ያ ሐሞት ቱቦው መመርቀዙ ነው። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ ደግሞ እንዳትደነግጪ። ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቀኝ ጎናቸውን ድንገት ጨምድዶ ሊያማቸው ይችላል። የሞተው ትል በቱቦው እየወረደ ነው። ቁርጠት የሚያስታግስ መድኃኒት ሐኪሙ አስቀድሞ ቢሰጣችሁ ጥሩ ነው። ዘመድ «መድኃኒቱ አልተስማማትም» ብሎ የሚያወራው ብዙ ጊዜ በዚህ ቀን ነው። ሕመሙ ካልበረደ፣ ወይም ዓይናቸው እንደገና ቢጫ ከሆነ ግን ተመለሱ። ከ3 ወር በኋላ ሰገራ፣ ሲቢሲና አልትራሳውንድ ይደገም። ኢኦሲኖፊሉ ወዲያው አይወርድም፤ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው።

የካንሰሩን ነገር ግን ዛሬውኑ ከልብሽ አውጪው። ያነበብሽው ስለ ሌላ ትል ነው። በታይላንድና በላኦስ ኦፒስቶርኪስ፣ በቻይናና በኮሪያ ክሎኖርኪስ የሚባሉ የሐሞት ቱቦ ትሎች አሉ። ሰው የሚይዙት ከወንዝ በወጣ ጥሬ ዓሣ ነው። ለረጅም ዓመት ከኖሩ የሐሞት ቱቦ ካንሰር እንደሚያመጡ ተረጋግጧል። የእኛው ፋሲዮላ በዚያ መዝገብ ላይ የለም። የሚያመጣው ችግር መዘጋት፣ ጠጠርና መመርቀዝ ነው፤ አይናቅም፣ ግን ካንሰር አይደለም። ይህን ለእናትሽም በግልጽ ንገሪያቸው፤ ልጆች በር ዘግተው ሲንሾካሾኩ ወላጅ ከበሽታው የባሰ ነገር ያስባል።

የእናንተ ምርመራ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ አንድ አልጋ መተኛት፣ መታጠቢያ መጋራት ምንም አያመጣም፤ ያለ ቀንድ አውጣ መንገዱ ዝግ ነው። ነገር ግን አንድ ምንጭ የሚጠጣ፣ አንድ ጓሮ የሚበላ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ ከተያዘ ሌላውም ሊያዝ ይችላል። አገር ቤት አብረዋቸው ያሉት፣ በተለይ እረኛ ልጆቹ፣ ሲቢሲና ሰገራ ይታዩ። አንቺ አዲስ አበባ የምትኖሪ ከሆነና ምንም ካላመመሽ ሲቢሲ ብቻ ይበቃል።

ውጭ ያለ ዘመድ ካላችሁም አንድ ነገር ይወቅ። እ.ኤ.አ. በ1995 እንግሊዝ አገር ያሉ ሐኪሞች ከውጭ በገባ ጫት ይህ ትል ሰው ላይ እንደተገኘ ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል፤ ሆላንድም ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ተዘግቧል። ጫት ረግረግ ውስጥ አይበቅልም፤ ጥርጣሬው እንዳይጠወልግ የሚረጨው ወይም የሚነከርበት ውሃ ላይ ነው። ሳይታጠብ በጥሬው የሚታኘክ ቅጠል መሆኑን አትርሺ። አውሮፓ ያለ ሐኪም ስለ ጫት ለመጠየቅ አያስብም፤ በሽተኛውም አፍሮ አይናገርም።

እናትሽ ወደ አገር ሲመለሱ ውሃቸውን ያፍሉ። ከመስኖ ዳር የመጣ ቅጠል ተቀቅሎ ይበላ። «በሎሚና በአቼቶ ዘፍዝፌዋለሁ» የሚለው አያስተማምንም፤ የለበሰው ሽፋን ጠንካራ ነው፣ ማጠብም ሁሉን አያስለቅቅም። እሳት ግን ይገድለዋል። ቤት ያሉትን ከብቶችና በጎች የእንስሳት ሐኪም ይያቸው። ያ መሸጫ ውስጥ ያገኛችሁት መድኃኒት ለእነሱ ነው፤ ለእነሱ ብትገዙት ጥሩ ወጪ ነው። የሚቀዱበትን ምንጭ ደግሞ ከብት እንዳይገባበት በእሾህ ማጠር ይቻላል፤ አንድ ቅዳሜ ሁለት ወንድም ካለሽ ይጨርሱታል።

ሆስፒታሉ ሲያስወጣቸው የሰጣችሁን ወረቀት በፎቶ ላኪልኝ፤ በተለይ ሲቢሲውን። ስማቸውን በጣትሽ ሸፍኚው። ትሉ በጠርሙስ ተይዞ ከሆነም ላብራቶሪው እንዳይጥለው ንገሪያቸው፤ ለደብዳቤው ያስፈልጋል።